መልስ ያልሰጠሁት ጥያቄ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ ስለ ወስዋስ ነው። ከናንተ መካከል በዚህ የምትሰቃዩ ብዙ እንደሆናችሁ በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ አውቃለሁ።

አንድ ልጅ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን ትቻለሁ። መጀመሪያ ያወቅኩት በጥያቄዎቹ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ "ኡስታዝ ይቅርታ፣ ክርኔ ላይ ውሃ መድረሱን እርግጠኛ ካልሆንኩ ውዱኡ ይሆንልኛል?" ብሎ ይጽፋል። ጠዋት አይቼ "ይሆንልሃል፣ አትጨነቅ" እለዋለሁ። "ጀዛከላህ ኸይር ኡስታዝ፣ አሁን ተረጋጋሁ" ይላል። ዙህር ሳይደርስ ግን ሌላ ይመጣል። "ኡስታዝ፣ ጠዋት በደንብ ሳልገልጽልዎት ቀርቼ ነው፤ እኔ እኮ ክርኔን እያጠብኩ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር።" ይህንንም እመልሳለሁ። ማታ ደግሞ ልብሱ ላይ ስለተረጨው ውሃ ይጠይቃል።

እኔም እንደ ደግ አስተማሪ መልሴን አረዝመው ጀመር። ሐዲሡን እጠቅሳለሁ፣ የዑለማዎችን ንግግር እጨምራለሁ፣ አንዳንዴ በድምፅ ቀድቼ እልካለሁ። መልሴ በረዘመ ቁጥር ጥያቄው በዛ። ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ዐስር ላይ መስጂድ ተገናኘን። ኢቃማ ሲባል ውዱእ ቦታው ላይ ትቼው ገባሁ፤ አሰላምተን ስንወጣ እዚያው ነው። እጅጌው እስከ ትከሻው ርሷል፣ እጁ በውሃ ብዛት ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። "ኡስታዝ" አለኝ፣ "ከዶርሙ ልጆች ሁሉ ለሶላት የምጠነቀቀው እኔ ነኝ። ሶላትን የምፈራውም እኔ ነኝ። አዛን ስሰማ ሆዴ ይገለባበጣል።" የሱብሒን ውዱእ ሲደጋግም ረፍዶበት አንድ ፈተና አምልጦታል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጭራሽ ብተወውስ እያልኩ አስባለሁ" አለኝ።

ያን ቀን ነው የነቃሁት። ይህ ልጅ የጎደለው እውቀት አይደለም። የውዱእን ፈርዶች ከእኔ ባልተናነሰ ያውቃቸዋል። እኔን የሚጠይቀኝ ቧንቧውን በሚከፍትበት ምክንያት ነው፦ ለአፍታ ልቡ እንዲያርፍ። ውሃው ለአምስት ደቂቃ ያሳርፈዋል፣ የእኔ መልስ ለአንድ ሰዓት። ከዚያ ጥርጣሬው ጠንክሮ ይመለሳል። ለካ እኔም አንድ ተጨማሪ ቧንቧ ሆኜለት ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ። ልጅ ሆኜ የቀራሁበት መድረሳ ውስጥ አንድ ደረሳ ነበር። ውዱእ ሊያደርግ ወንዝ ይወርዳል፣ እኛ ሰግደን፣ ቀርተን፣ ምሳ በልተን እንኳ አይመለስም። "ወስዋሳሙ" እያልን እንስቅበት ነበር። ተክቢረተል ኢሕራም ላይ "አላ... አላ... አላሁ..." እያለ ሲታገል አጠገቡ የቆምነው ልጆች ሳቃችንን ለመያዝ ከንፈራችንን እንነክሳለን። አንድ ቀን ኪታቡን ጥሎ ሄደ። አልተመለሰም። ለምን እንደሄደ ያኔ ማናችንም አልጠየቅንም።

ወስዋስ በዲናችን አዲስ ነገር አይደለም። የባልኹ ምሁር አቡ ዘይድ አልበልኺ በ322 ሂጅሪያ (በ934 እንደ አውሮፓውያን) ነው የሞቱት። "መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ" በተሰኘው ኪታባቸው ሰውነት እንደሚታመም ሁሉ ነፍስም እንደምትታመም ጽፈዋል፤ ከቁጣ፣ ከፍርሃትና ከሐዘን ጎን ለጎን ወስዋስን ራሱን የቻለ የነፍስ ሕመም አድርገው ቆጥረውታል። ኢብን ቁዳማ አልመቅዲሲም በወስዋስ ላይ ብቻ ያተኮረ ኪታብ አላቸው። እንግዲህ ከሺህ ዓመት በፊት በሽታ ነው የተባለውን ነገር ነው ዛሬ እኛ "ኢማንህ ደክሞ ነው" የምንለው፤ ወይ ደግሞ በተቃራኒው "ማሻአላህ ምን ዓይነት ጥንቁቅ ልጅ ነው" እያልን የምናደንቀው። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል።

ፊቅሁ ምን ይላል? ከታላላቆቹ የፊቅህ መርሆዎች አንዱ እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም የሚለው ነው። መሠረቱም ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲሥ ነው። አንድ ሰው ሶላት ውስጥ ሆኖ አንዳች ነገር የወጣው እየመሰለው እንደሚቸገር ለረሱል (ሰዐወ) ተነገራቸው። እሳቸውም ድምፅ እስኪሰማ ወይም ሽታ እስኪያገኝ ድረስ ሶላቱን እንዳይተው አዘዙ። ልብ በሉ፣ "ሄዶ ያረጋግጥ" አላሉም። ጥርጣሬው እንዳለ ሆኖ፣ ሳይፈታ፣ ሶላቱን ቀጥል ነው ትእዛዙ።

እኔ ለብዙ ጊዜ ያልገባኝ ይህ ነው። ወስዋስ ያለበት ሰው መጀመሪያ ልረጋጋ፣ ከዚያ እሰግዳለሁ ይላል። ሐዲሡ ደግሞ ሳትረጋጋም ስገድ ይላል።

የሻፊዒይ መዝሀብ በሚቀራበት አገር ስማቸው የታወቀው ኢብን ሐጀር አልሀይተሚ (በ974 ሂጅሪያ የሞቱት) የወስዋስ መድኃኒቱ ምንድነው ተብለው ተጠይቀዋል። የመልሳቸው ፍሬ ነገር ጥሎ መሄድ ነው። ነፍስህ ብታመነታም ፊት አትስጠው፤ ፊት ከነሳኸው ሥር ሳይሰድ ይሄዳል፣ ካዳመጥከው ግን እያደገ ሄዶ እንደ እብድ ያደርግሃል ይላሉ። ማሊኪዮች ደግሞ ጥርጣሬ በየቀኑ የሚመላለስበትን ሰው ለይተው፣ ጥርጣሬውን ከቁጥር እንዳያስገባ ያዙታል።

ሐምበሊው ኢብን ዐቂል ዘንድ የመጣው ሰውዬ ወሬ ደግሞ አለ። ውሃ ውስጥ ደጋግሜ እጠልቃለሁ፣ ግን ትጥበቴ መሙላቱን እጠራጠራለሁ አላቸው። እንግዲያስ ሶላት ካንተ ላይ ተነስቷል፣ ሂድ አሉት። እንዴት ቢላቸው፣ እብድ እስኪሻለው ድረስ ብዕር እንደተነሳለት ነቢዩ (ሰዐወ) ተናግረዋል፣ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ውሃ ነክቶኝ ይሆን የሚል ሰው ደግሞ ሌላ ምን ሊሆን ነው አሉት። መድረሳ ውስጥ ይህ ወሬ ሲነገር እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ጥሩ ሐኪም ነበሩ። በትጥበቱ ላይ ክርክር አልገቡለትም፤ ስለ ውሃው አንድም ጥያቄ አልጠየቁትም።

ዛሬ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ይህን ሕመም ኦሲዲ ይሉታል። ከሚሰጡት የምክር ሕክምና ዋናው ሰውዬው የሚያስጨንቀውን ነገር ቀስ በቀስ እንዲጋፈጥና መደጋገሙን ግን እንዲይዝ ማለማመድ ነው። አንድ ጊዜ ታጥቦ፣ ልቡ "አልሞላም" እያለው፣ ቧንቧውን ይዘጋል። ጭንቀቱ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ማንም ሳያረጋጋው፣ ውሃ ሳይነካ፣ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። በተደጋገመ ቁጥር አእምሮው ይማራል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህን ያነበብኩ ጊዜ ከኢብን ሐጀር መልስ ጋር ያለውን መመሳሰል አላስተዋልኩም፤ አንዱን በአንድ ደብተር፣ ሌላውን በሌላ ደብተር ነበር የጻፍኩት።

በነገራችን ላይ፣ በችኮላ ታጥቦ ተረከዙ ደረቅ ሆኖ የሚወጣው ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ ላንተ አይደለም። አንተ ተመልሰህ እጠብ።

ከውዱኡ የከፋ ሌላ ዓይነት አለ። ስለ አላህ፣ ስለ ነቢዩ፣ ስለ ቁርኣን የሚመጣ መጥፎ ሐሳብ። ብዙ እህቶች ይህንን ሲጽፉልኝ "ከፍሬ ይሆን?" ይላሉ፤ ሐሳቡን ራሱን ለመጻፍ እንኳ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። እህቴ፣ ስሚኝ። ሶሓቦች (ረ.ዐ) ወደ ረሱል (ሰዐወ) መጥተው፣ አንዳችን በልቡ የሚያገኘውን ነገር አፍ አውጥቶ መናገር እጅግ ይከብደዋል ብለው ነገሯቸው። እሳቸውም ግልጽ ኢማን ማለት ይህ ነው አሏቸው። ሙስሊም ዘግቦታል። ኢማኑ ያለው በጥላቻሽ፣ በድንጋጤሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ሸሃዳ እያደስሽ፣ እየታጠብሽ፣ ምን ማለቱ ይሆን እያልሽ አትመርምሪው። አዑዙ ብለሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ። ቢመለስም ይመለስ።

ስለ ሩቅያ የምትጠይቁ አላችሁ። ሩቅያ ሐቅ ነው፤ ራስህ ላይ ሱረቱል ፋቲሓና ሙዐወዘተይን ቅራ። ዑስማን ኢብን አቢል ዓስ (ረ.ዐ) ሸይጧን በሶላታቸው መሐል እየገባ እንደሚያምታታቸው በከሰሱ ጊዜ ነቢዩ (ሰዐወ) ከሱ በአላህ እንዲጠበቁና ወደ ግራቸው ሦስት ጊዜ ትፍ እንዲሉ አስተምረዋቸዋል፤ እሳቸውም አድርገውት ተወገደላቸው። ግን ሕመምተኛን የሚደበድብ፣ የሚያስርብ፣ መድኃኒትህን ጣል የሚል ሰው ጋር ሩቅያ ፍለጋ አትሂዱ። አዑዙ ማለት ሐኪም ዘንድ ከመሄድ አይከለክልም፤ ሐኪምም ከአዑዙ አይከለክልም።

እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ የሚደነግጠው። ሥነ አእምሮ ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ትዝ ይለንና፣ "ልጄን እብድ ልታስብሉት ነው?" ይባላል። አማኑኤል መሄድም ነውር አይደለም፤ ደግሞ ዛሬ በብዙ ሪፈራል ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። ትምህርትህን፣ እንቅልፍህን፣ ሶላትህን የበላ ወስዋስ ካለህ ሂድ። መድኃኒት ከታዘዘልህ ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈልግ እወቅ፤ በሦስተኛው ቀን "አልሠራም" ብለህ አትተወው። ረመዷን ሲመጣ የምትወስድበትን ሰዓት ከሐኪምህ ጋር አስተካክል እንጂ በራስህ አታቋርጥ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ያን ቀን ውዱእ ቦታው ላይ ሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛው ስለ ውሃው ነው። ረሱል (ሰዐወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው ያህል ነው። ከውሃ ግማሽ ሊትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ስለዚህ ከቧንቧ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዞ ውዱእ እንዲያደርግ፣ ውሃው ሲያልቅ ውዱኡም እንዲያልቅ ተነጋገርን። ልቡ ምንም ቢል።

ሁለተኛው ከበደኝ። ስለ ውዱእና ስለ ሶላት ትክክለኛነት ሲጠይቀኝ መልስ አልሰጠውም። ሰላም ካለኝ ሰላም እለዋለሁ፣ ቡና እንጠጣለን፣ ስለ ትምህርቱ እናወራለን፤ "ሆነልኝ ወይ?" ለሚለው ግን ዝም። ሐኪም ዘንድም አብረን ሄድን። ሐኪሙ ይህንኑ ስምምነት ሲሰማ ፈገግ ብሎ፣ እናቱንም ጨምርበት አለ። ለካ ቤት ሲሄድ እናቱን "እማ፣ ስታጠብ አይተሽኛል አይደል?" እያለ ያስመሰክራቸው ኖሯል። እሳቸውም "አይቻለሁ ልጄ፣ ሞልቷል" ይሉታል፣ በቀን ሃያ ጊዜ። ለእናት "አትመልሺለት" ማለት እንዴት እንደሚከብድ አስቡት። እሳቸው ግን ቻሉት።

የመጀመሪያው ሳምንት እሳት ነበር። ሌሊት ሌሊት ይጽፋል፣ ይለምናል፣ አንድ ጊዜማ "ሶላቴ ውድቅ ቢሆን አላህ ፊት ይጠየቁበታል" አለኝ። ስልኩን ይዤ ቁጭ ብዬ አደርኩ። መመለስ ይቀለኝ ነበር፤ ሁለት ቃል ብቻ ናት። እውነት ለመናገር አንድ ሌሊት ተሸንፌ መለስኩለት፣ በማግስቱ ጥያቄው እንደ ድሮው ሆኖ መጣ። ከዚያ ወዲህ አልመለስኩም።

አሁን ድኗል አልላችሁም። ሃይላንዷን ይዟል፣ መድኃኒቱንም ይወስዳል። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ ፈተና ሲደርስ ይብስበታል። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ግን መግሪብ ላይ ኢቃማ ሲባል ዞር ብዬ ሳይ ሶፍ ውስጥ ቆሟል። ከሶላት በኋላ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሊጠይቀኝ እንደሆነ ፊቱ ላይ አየሁት። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ "ኡስታዝ፣ ቡና እንጠጣ?" አለኝ።

ዛሬ ማታ በውስጥ መስመር "ኡስታዝ፣ ክርኔን አጥቤ ይሆን?" ብላችሁ የምትጽፉልኝ ወንድሞችና እህቶች፣ አይቼ ዝም ስላችሁ እንዳትቀየሙኝ። ሐኪም የት እንዳለ ለምትጠይቁኝ ግን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ቢሆን እመልሳለሁ ኢንሻአላህ።