ለፈራ ውሻ ጨርቅ ማልበስ ከንቱ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በአንዳንድ አገሮች ሰዎች ነጎድጓድ ሲያጓራ ወይም ርችት ሲተኰስ ለሚንቀጠቀጥ ውሻቸው ልብስ ያለብሱታል። ልብሱ ለጌጥ ወይም ለብርድ አይደለም፤ ደረቱንና ጎኑን ጠበቅ አድርጎ አቅፎ ፍርሃቱን እንዲያበርድለት ነው። ይህን የሰማ የቆቦ ሰው በመጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎም «ሰው ታርዞ ሳለ ውሻ ይለብሳልን?» ብሎ ይጠይቃል። ሳቁን እንለፈው፤ ጥያቄው ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነውና መልስ ይገባዋል።

አስቀድመን የነገሩን ጠባይ እንመርምር። የሰው ጆሮ በሴኮንድ እስከ 20,000 ንዝረት ያለውን ድምፅ ሲሰማ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። በክረምት በዞብል ተራራ ላይ ሰማዩ ሲያጓራ ውሻ ጅራቱን ቆልፎ ከጎተራ ሥር የሚወሸቀው ፈሪ ሆኖ አይደለም። ይኸው ውሻ ሌሊቱን በረት ሲጠብቅ አድሮ ጅብን ፊት ለፊት የሚገጥም ነው። ጠላቱን ቢያየው ይጋፈጠው ነበር፤ ነጎድጓድ ግን አይነከስም።

ጠበቅ ያለ ጨርቅ ፍርሃትን ማብረዱም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያለቅስ ሕፃን በአንቀልባ ታዝሎ ከእናቱ ጀርባ ሲጣበቅ ዝም ይላል። ሐዘንተኛ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ጌታችንም በቤተ ልሔም በተወለደ ጊዜ እናቱ በጨርቅ ጠቅልላ በከብቶች ግርግም አስተኛችው። ቴምፕል ግራንዲን የተባለች አሜሪካዊት ምሁር በወጣትነቷ በአክስቷ የከብት እርባታ ቦታ ሳለች፣ ለክትባት ሲባል ጎንና ጎናቸው ተጨምቆ የሚያዙ ከብቶች አንዳንዶቹ ሲረጋጉ ተመለከተች። እርስዋም ከኦቲዝም ጋር የሚመጣ ብርቱ ጭንቀት ስለነበረባት ጎኖቿን የሚጫን መሣሪያ ለራስዋ ሠራች፤ ጭንቀቷም ቀለለላት። የዚህን ጫና ጥቅም በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፋ አሳትማለች። በኋላም ለውሾች የሚሆን ልብስ ተሠርቶ «ተንደርሸርት»፣ ማለት የነጎድጓድ ሸሚዝ፣ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 90 ውሾች ተመርምረው፣ ልብሱን በትክክል ጠበቅ አድርገው የለበሱት የልብ ትርታቸው ካልለበሱት ይልቅ ረግቶ ተገኝቷል። እንግዲህ ሰው ከእንስሳ ተማረ፤ ትምህርቱም ተመልሶ ለእንስሳ ደረሰ።

ለዚህ ሥራ የውጭ ሸሚዝ አያስፈልግም፤ ያረጀ ካናቴራ ይበቃል። የፊት እግሮቹን በእጅጌው አሳልፎ፣ ትርፉን በጀርባው ላይ ቋጥሮ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ቦታ መተው ነው። ቆቦ ቆላ ናትና ድምፁ ሲያልፍ ቶሎ ማውለቅ ይገባል፤ ውሻ ሙቀትን የሚያወጣው በማለክለክ ስለሆነ በልብስ ታፍኖ ሊጎዳ ይችላል። የማናውቀውን የደነገጠ ውሻ ግን ከቶ መያዝ የለብንም፤ ይነክሳልና፣ የእብድ ውሻ በሽታም በአገራችን አለና።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ባለበት ቤት ብርድ ልብሱ የልጁ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ውሻውን አልብሶ የታረዘውን ጎረቤቱን የሚያልፍ ሰው ቢኖር በባለጸጋውና በአልዓዛር ታሪክ አስቀድሞ ተፈርዶበታል። ባለጸጋው ያላየውን ቁስል ውሾች እንደላሱት እናውቃለንና። ነገር ግን ርኅራኄ እንደ ጎተራ እህል ለአንዱ ሲሰፈር ለሌላው የሚጎድል ነውን? በአብዛኛው ቀን ውሻ ከእኛ የሚያጣው ነገር ምንም ወጪ የሌለው ነው፤ ድንጋይ አለመወርወር፣ ሲደነግጥ ከተወሸቀበት አለማባረር፣ ይኸው ነው። ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም የሚለው ሥርዓት የቦታው ክብር ነው፤ ከቅጥሩ ውጭ ለመደብደብ ፈቃድ አይሰጥም። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው አብሮአቸው ሄደ፤ መልአኩም አላባረረውም። እኛ ግን ጠያቂ የሌለውን ደም «ደመ ከልብ» እንላለን። ቃሉ የለመድነውን ነገር ይናገራል። የውሻ ደም የማይጠየቅ ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ አንድ ቀን የሰውንም ደም «ደመ ከልብ ሆነ» ብሎ ዝም ለማለት አፉ አይከብደውም።

ከሁሉ ይልቅ ግን መለየት ያለብን አንድ ነገር አለ። ፍርሃት ሁለት ዓይነት ነው፤ እኛ ያላመጣነውና እኛ ያመጣነው። ነጎድጓድን ማስቆም አንችልም፤ ስለዚህ ለነጎድጓድ ልብሱ መልካም ነው። ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ሰማይ ጥይት የሚተኩስ ሰው ግን ውሻው ሲንቀጠቀጥ ቢያለብሰው ምን አደረገለት? በአንድ እጁ እያቆሰለ በሌላው ይጠቀልላል። ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ ጨርቅ ሳይሆን አለመተኰስ ነው። ላመጣነው ፍርሃት ልብስ ብቻ መስጠት ምሕረት መስሎ ራስን መሸንገል ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ልብሱን ሲለብስ ደርቆ የሚቀር፣ የማይንቀሳቀስ ውሻ አለ፤ ባለቤቱም «ተረጋጋ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ዓይኑ ፈጥጦ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተኝቶ፣ ምግብ ቢሰጡት እንቢ ካለ አልተረጋጋም፤ ፍርሃቱን የሚገልጽበትን መንገድ ብቻ ነው ያጣው። ዝምታ ሁሉ ሰላም አይደለም። ይህን በቆቦ ልንስተው አይገባም። ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ከተማችን ገባ፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው በአካባቢያችን ዳግም ተቀሰቀሰ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመም በኋላ የክልላችን ጆሮ ከተኩስ አላረፈም። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ ሕፃን፣ በክፍል ውስጥ ዝም ያለች ልጅ በየሰፈራችን አሉ። «ጨዋ ናት፣ አትረብሽም» ብለን እንዳናልፋት። የውሻን ፍርሃት ከዓይኑ ማንበብ የለመደ ሰው የልጂቱን ዝምታ ለማንበብ አንድ እርምጃ ቀርቦአል፤ ያንን እርምጃ መራመድ ግን የራሱ ፈንታ ነው።

አዳም ከወደቀ በኋላ ፈርቶ ከዛፎች መካከል ተሸሸገ። እግዚአብሔርም ከፈረደበት በኋላ እንኳ ራቁቱን አልሰደደውም፤ የቁርበት ልብስ አለበሰው። ጥፋት ለሠራው ለአዳም እንዲህ ከተደረገ፣ ምንም ሳያጠፋ ለሚንቀጠቀጥ ፍጥረት አንድ አሮጌ ካናቴራ አይበዛበትም። ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ማስቆም የማንችለው ድምፅ ሲመጣ እንሸፍን፤ ማስቆም የምንችለውን ደግሞ እናቁም። በመጪው ሠርግ የምትጋበዙ ወንድሞች፣ ጥይቱን በቤት ትታችሁ በእልልታና በጭብጨባ ብትሄዱ ደስታው አይጎድልም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።