ቃልና ባለቤቱ

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የወጣ ቃል እንደማይመለስ ያስጠነቅቃል። ይህን ማንም አይክድም። የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ የወጣው ቃል በሌሎች እጅ ገብቶ ባለቤቱ ያላሰበውን ሥራ ቢሠራ ተጠያቂው ማን ነው? ተናጋሪው ወይስ ቃሉን መሣሪያ ያደረገው ኃይል? ጥያቄው ለብዕር ሰው ሁሉ የቀረበ ቢሆንም፣ ከዲፕሎማትነት ወደ ታሪክ ምሁርነት የተሸጋገረው የአሜሪካዊው የጆርጅ ኬናን ሕይወት ይበልጥ አጉልቶ ያሳየዋል።

እ.ኤ.አ. በ1904 የተወለደው ኬናን የሩሲያን ቋንቋና ታሪክ ጠንቅቆ ያጠና ሰው ነበር። በ1946 ከሞስኮ ኤምባሲ ወደ ዋሽንግተን የላከው ረጅም ቴሌግራም በባለሥልጣኖች ዘንድ በሰፊው ተነበበ። በ1947 ደግሞ «ፎሪን አፌርስ» በተባለው መጽሔት፣ ስሙን ደብቆ «ኤክስ» በሚል ፊርማ ባወጣው ጽሑፍ፣ የሶቪየት ኅብረትን መስፋፋት በትዕግሥትና በጽናት መግታት እንደሚገባ አሳሰበ። «መግታት» የሚለውም ቃል የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ፖሊሲ መጠሪያ ሆነ።

ኬናን ኋላ እንዳስረዳው፣ ያሰበው በፖለቲካ ዘዴ መግታትን ነበር። ፖሊሲው ግን እየዋለ እያደረ የጦር ሠፈርንና የኑክሊየር መሣሪያ እሽቅድድምን ተላበሰ። የሃይድሮጅን ቦምብን በመቃወም በ1950 መጀመሪያ ያቀረበው ምክር ሰሚ አላገኘም። በዚያው ዓመት የፈነዳው የኮሪያ ጦርነት የብዙ አገሮችን ወታደሮች ሲስብ፣ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃም በ1951 ዘመተ። በኤምባሲ ጽሕፈት ቤት የተጠነሰሰ ሐሳብ፣ ከሌሎች ብዙ ምክንያቶች ጋር ተዳምሮ፣ ጸሐፊው ፈጽሞ የማያውቃቸውን ሰዎች ዕጣ ነካ።

እንግዲህ ኬናን «ሐሳቤ ተጣመመ» ቢል እውነት አለው፤ እውነቱ ግን ሙሉ አይደለም። ጽሑፉ ኃይልን በኃይል ስለ መመከት ሲያትት የምን ዓይነት ኃይል እንደሆነ ለይቶ አላስቀመጠም። ይህን ጉድለት እሱ ራሱ በ1967 ባሳተመው ማስታወሻ አምኗል። ከዚህም ሌላ፣ በ1948 የስውር ፖለቲካዊ ዘመቻ ድርጅት እንዲቋቋም ሐሳቡን ካመነጩት አንዱ ነበር። ይህ ግን በሌሎች የተጣመመ ቃል አይደለም፤ የራሱ ምክር ነው።

በ1952 በሞስኮ አምባሳደር ሆኖ ተሾመ፤ ዓመት ሳይሞላው በበርሊን በተናገረው ንግግር ምክንያት የሶቪየት መንግሥት እንዳይመለስ ከለከለው። በ1953 ከውጭ ጉዳይ አገልግሎት ተሰናብቶ በፕሪንስተን የከፍተኛ ጥናት ተቋም ምርምር ያዘ። በ1956 ስለ ሩሲያ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት መውጣት ያሳተመው መጽሐፍ የፑሊትዘርን ሽልማት አስገኘለት። ከ1961 እስከ 1963 በዩጎዝላቪያ አምባሳደርነት ከማገልገሉ በስተቀር ቀሪ ዘመኑን በአመዛኙ ለጥናት ሰጠ።

ጥናት ለሥልጣን ሰው መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል፤ የትናንቱን ውሳኔ በብዙ ገጾች ሸፍኖ መኖር ይቻላል። ኬናን ግን በ1966 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የቬትናምን ጦርነት ተቃወመ፤ በ1997 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት ወደ ምሥራቅ መስፋፋት ከባድ ስሕተት ነው ሲል አስጠነቀቀ። በ101 ዓመቱ፣ በ2005፣ እስኪያርፍ ድረስ በስሙ የሚጠራውን ፖሊሲ ከመተቸት አልቦዘነም።

ይሁን እንጂ አንድ መራራ ሐቅ ይቀራል። ባለሥልጣኖች ሊሰሙ የፈለጉትን ሲጽፍ ቃሉ የመንግሥት መመሪያ ሆነ፤ ሊሰሙ ያልፈለጉትን ሲናገር በአክብሮት አዳምጠውት አለፉ። ሥልጣን ከምሁር የሚወስደው የሚስማማውን ብቻ ነው። ስለዚህ ኋላ የሚመጣ እርማት፣ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ቀድሞ የወጣውን ቃል ያህል ጉልበት አይኖረውም፤ የሞተንም አያስነሣም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዝም በሉ የሚል አይደለም። መምህርም ሆነ የኪነ ጥበብ ሰው ቃሉን ከማውጣቱ በፊት «እውነት ነውን?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «ማን ያነሣዋል? ለምንስ ያውለዋል?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ካወጣው በኋላም ዱካውን መከተልና ሲጠምም በአደባባይ መመስከር ግዴታው ነው። ይህ ዕዳውን አይሰርዝለትም፤ ዕዳ እንዳለበት የማያውቅ ሰው ግን ሁለተኛውንም ቃል እንደ መጀመሪያው ይለቀዋል።