ደባልቃችሁ አትጣሉ

የአዲስ አበባ ልጆች፣ ተቀመጡና ስሙኝ። ሽማግሌ ሲቆጣ ደስ አይልም፤ እኔም ደስ እንዲላችሁ ብዬ አልተነሣሁም። ጥፋታችሁ በየማድ ቤታችሁ በር ሥር ተቀምጧል። አንድ ማዳበሪያ ታቆሙና የሽንኩርቱን ልጣጭ፣ የቡናውን አተላ፣ የትናንቱን ሽሮ፣ ባዶውን ሃይላንድ፣ የልጁን ደብተር፣ የሕፃኑን ዳይፐር፣ የተሰበረውን ብርጭቆና ያለቀውን ባትሪ አንድ ላይ ትደፉበታላችሁ። አፉን አስራችሁ ከደጅ ታወጡታላችሁ። ከዚያ እጃችሁን ትታጠቡና ከተማው ቆሸሸ እያላችሁ ታማርራላችሁ።

እስቲ አንድ በአንድ እንየው። ልጣጩ ለብቻው ቢቀመጥ ለበግ ይሰጣል፣ ወይም በስብሶ ለጎመን መደብ ይሆናል። ሃይላንዱ ለብቻው ቢቀመጥ በኪሎ ይሸጣል፤ ወረቀቱም እንዲሁ። ብርጭቆው በካርቶን ተጠቅልሎ ቢወጣ የማንንም እጅ አይቆርጥም። ሽሮው ወረቀቱ ላይ ሲፈስ፣ ዳይፐሩ ሃይላንዱን ሲለውሰው ግን ያ ሁሉ ንብረት በአንድ ሌሊት ዋጋ ያጣል። ቆሻሻ የምትሉትን ነገር ቆሻሻ ያደረገው የእናንተ መደባለቅ ነው። ጤፏን ከአሸዋ ደባልቃ “ልቀሚልኝ” ብላ ለጎረቤት የምትልክ ሴት ብታዩ ምን ትሏታላችሁ? እናንተም የምትልኩት ይህንኑ ነው፤ የምትለቅምላችሁን ሴት ግን ስሟን እንኳ አታውቁም።

እኔ ላሳያችሁ። በሰፈራችን የጽዳት ማኅበር ልጆች በማለዳ ጋሪያቸውን እየገፉ ይመጣሉ። ባለፈው ክረምት ከእነሱ አንዷ ደጃችን ቆማ ጓንቷን ስታወልቅ አየኋት። ጓንቱ መዳፉ ላይ ተተርትሯል፤ ከሥሩ እጇን በጨርቅ ጠቅልላዋለች፤ ጨርቁ ደም ጠግቧል። ከማዳበሪያ ውስጥ ያገኛት ምላጭ ነው። ምላጩን የጣለው ጎረቤታችን በዚያ ሰዓት ጢሙን ተላጭቶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ ቢሮው ገብቷል። “ውሃ ላምጣልሽ?” ስላት “ተዉት አባባ፣ ለምደነዋል” አለችኝ። እሷስ ወዳ ሳይሆን ቸግሯት ለመደች፤ እናንተን ምን አስለመዳችሁ? “ቆሻሾቹ መጡ” ብላችሁ በልጆቻችሁ ፊት ስትጠሯቸው ሰምቻለሁ። አፋችሁን ሰብስቡ! ቆሻሻውን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እነሱ አንሺዎቹ ናቸው።

ማዳበሪያው ከጋሪ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ረጲ ይሄዳል። ቆሼ የምትሉት ረጲ ከሃምሳ ዓመት በላይ የዚህን ከተማ ድብልቅ ሲሸከም ኖሮ ተራራ ሆነ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ያ ተራራ ተንዶ ከሥሩ በተጠጉት ቤቶች ላይ ወረደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ፤ አለቀስን፤ ነጠላችንን አዘቀዘቅን። ከሐዘኑ ማግሥት ግን ያንኑ ማዳበሪያ እንደ ልማዳችን ደባልቀን አወጣን። በዚያ ተራራ ላይ እየቆፈሩ የሚያድሩት ሰዎች ሥራቸው ምን እንደነበር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እናንተ የደባለቃችሁትን መለየት ነበር። ብረቱን ከላስቲኩ፣ ላስቲኩን ከበሰበሰው ምግብ ሲለዩ ይውሉ ነበር። ቤታችሁ ቆማችሁ በእጃችሁ ብታደርጉት ጊዜ የማይወስድባችሁን ሥራ፣ እነሱ በጭስና በግማት መሃል ዕድሜያቸውን ገበሩበት።

ምክንያት አታጡም፤ አውቃለሁ። “ክፍያውን ከውሃ ቢል ጋር እንከፍላለን” ትላላችሁ። ክፍያው ማዳበሪያውን ከደጃችሁ ያነሣላችኋል እንጂ የደባለቃችሁትን አይለይላችሁም። “ፋብሪካ ተሠርቶለታል” ትላላችሁ። አዎ፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ ነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ተመርቋል፤ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከዚህ ከተማ ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የምግብና የአትክልት ትራፊ ነው፤ ውሃ ያዘለ ነው። እሳቱ ኃይል ከመስጠቱ በፊት መጀመሪያ ያንን ውሃ ማድረቅ አለበት። ያው ትራፊ ካልተቃጠለ ደግሞ ከሥር ይቀበርና አየር አጥቶ ሲብላላ ሚቴን የሚባል የሚነድ ጋዝ ያወጣል። በጓሮ ቢበሰብስ ማዳበሪያ የሚሆነው ልጣጭ፣ ስትደባልቁት በእሳትም በአፈርም መከራ ይሆናል።

“ታዲያ ራቅ ያለ ቦታ ይወሰድ” የምትሉም አላችሁ። ተሞክሯል። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፍቶ መኪናው ወደዚያ መመላለስ ጀመረ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ገበሬዎቹ “ሽታው አላኖረንም፤ ውሃችንና ከብታችን ተጎዳ” ብለው ተነሡ፤ ቆሻሻውም ተመልሶ ረጲ ገባ። በገበሬው አልፈርድም። የእናንተን ትራፊ እንዲሸከም ማን ዕዳ ጣለበት?

“ይህ ለይቶ ማስቀመጥ የፈረንጅ ትምህርት ነው” የሚለኝ ሰው ከሁሉ ይብስ ያናድደኛል። ለስላሳ ልትገዛ የተላከች ልጅ ባዶ ጠርሙስ ይዛ አልነበር የምትሄደው? ጠርሙስ ካልያዘች መያዣ ታስቀምጥ ነበር። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ስንቱን ገበሬና ወታደር አገር አሻግሯል። የቲማቲም ቆርቆሮ ኩራዝ ሆኖ ስንቱን ተማሪ አስጠንቷል። ዛሬም መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ፣ አሮጌ በርሜል በመዶሻ እየተቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ ሲሆን ታያላችሁ። “ቆራሌው!” እያለ የሚዞረው ሰው፣ “ልዋጭ!” እያለ አሮጌ ልብሳችሁን በሳፋ የሚለውጠው ልጅ፣ ቀለም የተቀቡ በርሜሎች ከመምጣታቸው በፊት ይህን ከተማ ሲለዩለት የኖሩ ናቸው። እናንተ ግን በዘበኛ ታስባርሯቸዋላችሁ።

አባቶቻችሁ ይህን ያደረጉት ቅዱሳን ስለነበሩ አይደለም፤ አላበዛላቸውም። ስለቸገራቸው ነው። ቢሆንም ችግሩ ሥርዓት አስተማራቸው፤ እናንተ ግን ጥቂት ገንዘብ ስታገኙ ያ ሥርዓት ጠፋባችሁ። ድሮ የደረቀ እንጀራ ድርቆሽ ይሆን ነበር፤ ከዚያም ፍርፍር። ዛሬ የሠርግ አዳራሽ ጓሮ ብትዞሩ እንጀራው ከነወጡ፣ ክትፎው ከነፕላስቲክ ሳህኑ ተደፍቶ ታገኙታላችሁ። ክርስቲያን ነኝ የምትል፣ ጌታ በአምስት እንጀራ ያን ሁሉ ሕዝብ ካጠገበ በኋላ ቁርስራሹን አስለቅሞ ዐሥራ ሁለት መሶብ እንደሞላ ስንት ጊዜ ሲሰበክ ሰምተሃል? እንጀራን ማበርከት የሚችል ጌታ ትራፊ ካልናቀ አንተ ማን ሆነህ ትንቃለህ? ሙስሊም ነኝ የምትልም፣ ማባከን የተከለከለ መሆኑን፣ ሰው የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ማንሣት ከእምነት የሚቆጠር መሆኑን ከልጅነትህ ተምረሃል። ታዲያ በመኪና መስኮት የወረወርከው ሃይላንድ ከየትኛው ትምህርት የመጣ ነው?

ወደ መምህራን ልምጣ። በክፍለ ጊዜያችሁ “ቆሻሻ በዓይነቱ ተለይቶ መወገድ አለበት” ብላችሁ ሰሌዳ ላይ ትጽፋላችሁ። ልጁም ይገለብጣል፤ ፈተና ላይ ልክ ይመልሳል። ደወል ሲደወል ይወጣና የሙዙን ልጣጭና የብስኩቱን ላስቲክ ግቢው ውስጥ ወዳለችው አንዲት በርሜል ይወረውራል። ሲመሽ ዘበኛው በርሜሏን ከግንቡ ጥግ ገልብጦ ክብሪት ይጭርባታል። የላስቲኩ ጭስ እዚያው መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ይገባል። ልጁ ከሰሌዳው ነው የተማረው ወይስ ከዘበኛው? እናንተው መልሱ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የልጅ ልጄን ደብተሮች ከጣለበት አንሥቼ ገልጫቸዋለሁ። ሒሳቡ እኩሌታው ላይ አልቋል። የእንግሊዝኛው ከዚያም ያንሳል። የግብረ ገቡ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አላለፈም። መስከረም ሲጠባ ለሁሉም አዲስ ደብተር ይገዛል። እኛ ንጹሑን ገጽ ገንጥለን፣ በመርፌና በክር ሰፍተን፣ የጋዜጣ ልባድ አልብሰን ለመለማመጃ እናደርገው ነበር። ይህን ለማስተማር በጀት አያስፈልግም፤ መርፌና ክር ይበቃል።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች፣ ይህን አድርጉ። የክፍል ጽዳት ተራ ይመለስ። “ልጄን ለመማር እንጂ ለመጥረግ አልላክኋትም” የሚል ወላጅ ቢመጣ፣ መጥረግም ትምህርት እንደሆነ ፊት ለፊት ንገሩት። ወረቀት፣ ላስቲክና የምግብ ትራፊ ለየብቻ ይጠራቀሙ። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ለሰርተፊኬትና ለፎቶ መሰብሰቡን ትቶ በየሳምንቱ የተጠራቀመውን ይመዝን፤ የየትኛው ክፍል ቅርጫት ተለይቶ፣ የየትኛው ተደባልቆ እንደተገኘ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ በሚኒ ሚዲያው ይነገር። ወረቀቱ ተሸጦ ደብተር ለሌለው ልጅ ደብተር ይገዛበት። ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ልጣጭና ደረቅ ቅጠል እየተነባበረ አፈር ይልበስ፤ ውሃ ይረጭበት፤ በየጊዜው ይገላበጥ። ልጆቹ ራሳቸው የጣሉት ልጣጭ ጥቁር አፈር ሆኖ ጎመን ሲያበቅል ይዩ። ያንን ያየ ልጅ ቤቱ ገብቶ እናቱን ይቆጣል፤ ደግ አደረገ።

ነጋዴዎች፣ እናንተንም አልተውኩም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቀጭኑን ፌስታል ሲከለክል ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚያግድ አዋጅ አጸደቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ለአንድ ሎሚ አንድ ፌስታል፣ ለሁለት ቃሪያ ሌላ ፌስታል ስትሰጡ ኖራችኋል። ያ ፌስታል በክረምት ቱቦ ደፍኖ ጎርፉን ወደ ድሃ ቤት መልሷል፤ በበዓል በግ ሲታረድ ከሆዱ ተጠቅልሎ ወጥቷል። አሁንም ደንብ አስከባሪ ሲያልፍ ወረቀት፣ ዞር ሲል ፌስታል የምታወጡ አላችሁ። ሸማቹም ቢሆን ዘንቢል መያዝ አሳፈረኝ አይበል። እናቱ ያሳደገችው ከዘንቢል እያወጣች ነው።

ሹማምንትም ስሙ። ባለ ሦስት ቀለም በርሜል በየአስፋልቱ ዳር መትከል መልካም ነው። ሕዝቡ ለይቶ የጣለውን አንድ መኪና መጥቶ ሦስቱንም አንድ ላይ ከገለበጠው ግን ለይቶ መጣል ከንቱ ድካም እንደሆነ ለሕፃን ልጅ በገዛ እጃችሁ አስተማራችሁት። ያ ልጅ ሁለተኛ አያምናችሁም። ከለያችሁ እስከ መጨረሻው ለዩ፤ ለማኅበራቱ ልጆች ጠንካራ ጓንትና የሚለዩበት መጠለያ ስጡ። የዋናውን መንገድ ዳር በአበባና በመብራት ስታስጌጡ ከኋላው ያለውን የሰፈር ቦይም ዞር ብላችሁ እዩ።

የጣላችሁት የትም አይጠፋም። ቀበናና ግንፍሌ የጣላችሁበትን ይዘው ይወርዳሉ፤ አቃቂም ተቀብሎ ወደ አባ ሳሙኤል ይወስደዋል። በታች ያለው ገበሬ ያንኑ ውሃ እየጠለፈ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። ጎመኑ ገበያ ወጥቶ ገበታችሁ ላይ ይቀርባል። የሰው አገር ያረከሳችሁ መስሏችሁ የራሳችሁን ጉርሻ ነው የበከላችሁት።

አሁን ትእዛዜን ስሙ። ዛሬ ማታ ማድ ቤታችሁ ሁለት ዕቃ ይቀመጥ፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለማይበሰብሰው። ምላጭ፣ ብርጭቆና መርፌ በካርቶን ታሽጎ ለብቻው ይውጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤታችሁንም አስከትሉ። የለያችሁትን ደባልቆ የሚወስድ ካለ ወረዳ ሄዳችሁ ጠይቁ። አንድ ሰው ሆናችሁ ካልሰሟችሁ እድራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እድር ለሞተ ሰው በሌሊት ድንኳን መትከል ካልከበደው፣ በቁሙ ላለ ሰው በቀን ወረዳ መሄድ አይከብደውም።