ቃርሚያና የዳታ ጥቅል

ኦሪት እርሻውን የሚያጭድ ሰው ዳር ዳሩን አሟጦ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም ዛላ ተመልሶ እንዳይለቅም ያዛል፤ ለድኻና ለመጻተኛ ይተውለት ይላል። ይህን ትእዛዝ የጎንደር ክርስቲያንም ቤተ እስራኤልም ከጥንት ያውቁታል። የአይሁድ ሊቃውንት ግን አንድ ጥያቄ አክለውበታል፤ ባለእርሻው ቃርሚያው ለማን እንደሚደርስ መምረጥ ይችላል ወይ? በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሙሴ ማይሞኒደስ፣ ማለትም ሃይፋ ውስጥ ትልቁ ሆስፒታል በስሙ የሚጠራው ራምባም፣ ለድኻ ስለሚገቡ ስጦታዎች በጻፈው የሕግ ክፍል መልሱን ቁርጥ አድርጎታል፤ አይችልም። ድኾቹ ራሳቸው ገብተው ይወስዳሉ፣ ባለቤቱ ባይወድም ይወስዳሉ። ቃርሚያ እንግዲህ ሰጪው ውለታ የሚቆጥርበት ችሮታ አይደለም፤ የተቀባዩ መብት ነው። ይህ ጥንታዊ ድንጋጌ ዛሬ በሞባይል ዳታ ገበያ ላይም የሚፈርድ ይመስለኛል።

ኢትዮ ቴሌኮም ከመደበኛው የዳታ ጥቅል ሌላ ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ የሚያገለግል ጥቅል ይሸጣል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ የሚሠራው ግን ተለይተው በተመረጡ መተግበሪያዎች ላይ ነው። እስራኤል በበኩሏ የኢንተርኔት ገለልተኝነትን በሕግ ደንግጋለች። ፓርላማዋ ክኔሴት በ2011 እ.ኤ.አ. የሞባይል ኩባንያዎች አንዱን ድረ ገጽ ከሌላው እያበላለጡ እንዳይዘጉና እንዳይገድቡ ከለከለ፤ በየካቲት 2014 ደግሞ ክልከላውን ወደ መደበኛው የቤት መስመር አሰፋው። ሕጉ በዋጋ ጉዳይ ላይ ልል ነው፤ ሃይፋ ያለውን ተጠቃሚ የጠቀመው ሕጉ ብቻ ነው ብዬም አልከራከርም። በግንቦት 2012 ጎላን ቴሌኮምና ሆት ሞባይል ወደ ገበያው ሲገቡ የወር ክፍያው ተንኮታኮተ። ዳታ ለሁሉም ስለረከሰ የትኛው ገጽ በቅናሽ ይከፈታል ብሎ የሚያሰላ ሰው ጠፋ። እንግዲህ ሃይፋ ያለች እናት ጎንደር ካለ ወንድሟ ጋር በዋትስአፕ ስታወራ ሁለቱም አንድ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ይመስላቸዋል። እሷ የዜና ገጽ ወይም የመሥሪያ ቤት ቅጽ ሊንክ ስትልክለት ግን፣ እሱ የገዛው የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ብቻ ከሆነ፣ ሊንኩ ይደርሰዋል እንጂ ገጹ አይከፈትለትም። ወሬው ገብቶ ማስረጃው ደጅ ይቀራል። ወሬ በሚያጋድልበት አገር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከምንም ይሻላል የሚለው መልስ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ ክብደትም አለው። ፌስቡክ በ2013 የጀመረውና በኋላ ፍሪ ቤዚክስ ያለው አገልግሎት የቆመው በዚሁ ክርክር ላይ ነበር፦ ምንም ለሌለው ጥቂት ገጽ በነጻ መስጠት ምኑ ይነቀፋል? የሕንድ የቴሌኮም ተቆጣጣሪ ግን በየካቲት 2016 በይዘት ላይ የተመሠረተ የዋጋ ልዩነትን ከለከለ። በዚያው ዓመት መስከረም ጂዮ የተባለው ኩባንያ ገበያውን ተቀላቅሎ ክፍቱን ዳታ እጅግ አረከሰው። ክልከላው ዋጋ አወረደ አልልም፤ የተመረጡ ገጾች ጥቅል ከሌለ ድኻው ኢንተርኔት አያገኝም የሚለው ስጋት ግን እዚያ አልደረሰም። ደግሞም ኩባንያው በቅናሽ መልክ የሚተወው ገንዘብ ካለው፣ ያንኑ ገንዘብ የትም ለሚያስኬድ ሜጋባይት ማዋል ይችላል። ሜጋባይቱ ያንስ ይሆናል፤ ቢያንስ ግን የት ላውለው የሚለውን ድኻው ይወስናል። ዊኪፒዲያን ያለ ዳታ ክፍያ ያስከፍት የነበረውን ዊኪፒዲያ ዜሮን የመሰለ በጎ ሐሳብ ያለው ዕቅድ እንኳ፣ ከ2012 እስከ 2018 ሲዘልቅ፣ ከዚህ ጥያቄ አላመለጠም። መልካም ገጽ መርጦ መስጠትም መምረጥ ነው።

መጽሐፍ የሚያውቅ ተከራካሪ ቦዔዝን ያነሳብኝ ይሆናል። ቦዔዝ ሩትን ለይቶ አልጠቀመም ወይ? ከነዶው ሆን ብላችሁ ጣሉላት ብሎ ሠራተኞቹን አላዘዘም ወይ? ይባስ ብሎ፣ ወደ ሌላ ሰው እርሻ እንዳትሄድ መክሯታል፤ ለዛሬው የተመረጠ ጥቅል ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ከወዴት ይመጣል? ይህ ተቃውሞ ስለሚያስደስተኝ አልሸሸውም። ነገር ግን ታሪኩን ልብ ብሎ ያነበበ ሁለት ነገር ያያል። ሩት ወደዚያ እርሻ የገባችው ማንም ሳይመርጣት፣ በቃርሚያ መብቷ ነው፤ የቦዔዝ ልግስና የመጣው በመብቱ ላይ ተጨምሮ እንጂ መብቱን ተክቶ አይደለም። አትሂጂ ያላትም ሌላ ቦታ ጉዳት እንዳያገኛት አስቦ ነበር፤ ብትሄድ የሚያስከፍላት ቅጣት አልነበረም። ጥቅሉ ግን ከአጥሩ ውጭ እያንዳንዱን እርምጃ ያስከፍላል።

ኔትወርኩ እርሻ ሳይሆን ቤቴ ነው የሚል ባለኩባንያም ይኖራል። የሊቃውንቱ ሕግ ራሱ ለዚህ ክርክር በር ይከፍታል፤ የድኻ አሥራት ከባለቤቱ ቤት ሲከፈል ለየትኛው ድኻ እንደሚሰጥ ባለቤቱ መምረጥ ይችላልና። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በ2021 ለኢትዮጵያ ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፤ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ሆኖም የገዛው የሬዲዮ ሞገድን የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ሞገዱ የሕዝብ ነው። ደግሞም ጥቅሉን ለይቶ የሚሸጥ መሣሪያ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። ይህን ማወቅ የቻለ ኔትወርክ ለማርከስ የለየውን ለመዝጋትም አይቸገርም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. (በ2023 እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ በተፈጸመው ሹመት ውዝግብ ሲነሳ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌም በቀጥታ አልተከፈቱም። ሰው በቪፒኤን ዞሮ ገባ። በቪፒኤን የሚሄድ ዳታ ግን የት እንደሚሄድ ስለማይታይ በማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ሊቆጠር አይችልም፤ ስለዚህ በርካሹ ጥቅል ብቻ የሚኖረው ሰው ከሁሉ በፊት ከመንገድ ቀረ።

እዚሁ እስራኤል አጥብቀው ሃይማኖተኛ የሆኑ ማኅበረሰቦች ኮሸር ስልክ ይይዛሉ፤ የረቢዎች ኮሚቴ የሚያጸድቀው፣ ኢንተርኔት የሌለው ስልክ ነው። ይህን አልነቅፍም፤ ራሱን ለመገደብ የወሰነው ባለስልኩ ነውና። ችግሩ መውጫው ላይ ነው። በ2022 የመገናኛ ሚኒስትሩ ዮዓዝ ሄንደል ሰው ቁጥሩን ይዞ ከኮሸር መስመር እንዲወጣ ለመፍቀድ ሲነሱ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ ተቃውሞው ራሱ አጥሩ ከፈቃድ አልፎ እንደነበር ይመሰክራል። ኮሸር ስልክ የያዘ ሰው ቢያንስ ማን እንደመረጠለትና በምን ምክንያት እንደመረጠለት ያውቃል። የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ገዢ ግን ዝርዝሩን ማን በምን መስፈርት እንዳወጣው የሚጠይቅበት መድረክ የለውም።

የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ቅናሽ በሜጋባይት እንጂ በገጽ ስም እንዳይሰጥ ሊደነግግ ይገባዋል። እስከዚያው፣ ከሃይፋ ሆናችሁ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ላለ ዘመድ የስልክ ሂሳብ የምትሞሉ ሁሉ፣ ጥቂትም ቢሆን ክፍቱን ዳታ እንዲገዛበት ንገሩት።