በመክሸፍና በመባረቅ መካከል

ስለ መሣሪያ ጠባይ አማርኛችን ሁለት ቃላት አሉት፤ ከሸፈ እና ባረቀ። ምላጩን ስበኸው፣ ይተኩሳል ብለህ ስትጠብቅ እምቢ ካለህ ከሸፈ ትላለህ። ሳታስበው፣ ሳትፈልገው፣ አንዳንዴም እያጸዳኸው ሳለ ከጮኸ ደግሞ ባረቀ ነው። የመጀመሪያው ቃል ዛሬ ከመሣሪያም አልፎ ስንት ቦታ ይሠራል! ዕቅድ ይከሽፋል፣ መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም በ2005 ዓ.ም. ለመጽሐፋቸው ርዕስ መርጠውት ብዙ አከራክሯል። ሁለተኛው ቃል ይህን ያህል ዕድል አልቀናውም። አብዝተን የምንፈራው መክሸፍን ስለሆነ ይመስለኛል።

ነገሩን ያነሣሁት አሜሪካን አገር ስለሚያዙት ትንንሽ ሽጉጦች ለማውራት ነው። ቀበቶ ስር የምትገባ፣ ሸሚዝ ሲለቀቅባት የማትታይ ሽጉጥ ዛሬ እዚያ የብዙ ሰው የዘወትር ዕቃ ናት። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ ሕግ ላልከለከለው አዋቂ ያለ ፈቃድ እንዲይዛት ደንግጋለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2022፣ ከኒው ዮርክ በመጣ መዝገብ ላይ፣ ሽጉጥ ይዞ ከቤት መውጣት የሕገ መንግሥት ጥበቃ ያለው መብት ነው ብሎ ወስኗል። የእኛም ልጅ ሌሊት ነዳጅ ማደያ የሚያድር፣ የመጠጥ ሱቅ የሚጠብቅ ስላለ፣ ጉዳዩን የፈረንጅ ወሬ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም።

የእነዚህ ሽጉጦች ባለቤቶች ሲገናኙ አብዝተው የሚያወሩት ስለ ምን ይመስላችኋል? ስለ ዘይት ነው። ምክንያትም አላቸው። ትንሽ ሽጉጥ ከትልቁ ይልቅ አመለኛ ናት። ወደ ኋላ ሄዶ የሚመለሰው የላይኛው ብረቷ ቀላል፣ ጉዞው አጭር፣ ሞላዋ ጠንካራ ነው። ባዶውን ቀለህ ወርውራ አዲሱን ጥይት ለመጉረስ ያላት ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያንሳል። ትልቁ ሽጉጥ ችሎ የሚያልፈውን ጉድፍ እሷ አትችለውም። ሲግ ሳወር ፒ365 የሚሏት አፈሙዟ 8 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ከሰው ገላ ጋር ተጣብቃ ስለምትውል ላብ ይነካታል፣ የጨርቅ ብናኝ ትለቅማለች። በወር አንዴ እንኳ ሳትተኩስ ትቆሽሻለች።

ታዲያ ይህን የሰማ አዲስ ባለቤት ጠርሙሱን ይገለብጥባታል! ዘይት ሲበዛ ብናኙን ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። ቀስ እያለ ሰርጎ ጥይቱ ዘንድ ከደረሰም ማቀጣጠያውን ሊያበላሽ ይችላል። ብረት ከብረት በሚፋተግበት ቦታ ላይ ጥቂት ጠብታ ይበቃል። ጥይቱን የምትመታው መርፌ የምትመላለስበት ቀዳዳና የካዝናው ውስጥ ደግሞ ደረቅ መሆን አለባቸው። ሞላው ሲደክም መለወጥ አለበት፣ በትንሿ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የጥንቁቁ ሰው ነገር ነው። ማታ ማታ የጎረሰችውን ጥይት ያወጣል፣ ጠዋት ያችኑ ጥይት መልሶ ያጎርሳል። ያቺ ጥይት ስትመላለስ ብትከርም እርሳሷ ወደ ቀለሁ ውስጥ እየተገፋ ይገባል፤ በተተኮሰች ቀን ግፊቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ሰውዬው እኮ የተጠነቀቀ መስሎት ነው።

እኔ ይህን ትጋት አልንቀውም። ውጅግራና ምንሽር የነበራቸው አያቶቻችንም መሣሪያቸውን ይወለውሉ ነበር። ይዤ እወጣለሁ ብሎ ከወሰነ በኋላ ዝጎ እስኪቀር የሚተዋት ሰው ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ጥያቄዬ ወዲህ ነው። አንድ ሰው መቼም እንዳይጠቀምባት የሚጸልይባትን ዕቃ፣ በጠራት ጊዜ ሁሉ አቤት እንድትል አድርጎ ሲያሰናዳ፣ ምኑን ነው የሚያሰናዳው?

የእሳት ማጥፊያም እንዲያው ነው ይሉኛል፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለን በየዓመቱ እናስመረምረዋለን፣ እሳት ግን አንመኝም። ጥሩ መልስ ይመስላል። ነገር ግን የእሳት ማጥፊያ አይባርቅም። ቢባርቅም ወለል ያበላሻል እንጂ ሰው አይገድልም። ሽጉጥ ላይ ግን መክሸፍን የምናባርርበት ጠረጴዛ ራሱ የመባረቅ መውለጃ ሊሆን ይችላል። ግሎክን ለመወልወል ስትፈታት አስቀድመህ ምላጯን መሳብ ግድ ነው፤ አሠራሯ እንደዚያ ነው። ካዝናውን ስላወጣ ብቻ ባዶ ናት ብሎ የተማመነ ሰው፣ ጎርሳ የቀረችውን አንዲት ጥይት ይረሳታል። ስለዚህ ካዝናውን ማውጣት፣ ከዚያ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ መያዝ፣ ከዚያ ጉሮሮዋን በዓይን ማየት፣ በጣትም መዳሰስ ያስፈልጋል። ምላጩ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አፈሙዙም ማንም ወደሌለበት ዞሮ ነው። ስለ ዘይት ዓይነት አንድ ሰዓት ሲከራከር ያመሸ ሰው ይህቺን ግማሽ ደቂቃ ሲዘልላት ምን ይባላል?

ደግሞም የሽጉጧ ታማኝነት ለማን ነው? በደንብ የተወለወለች ሽጉጥ ጌታዋን ለይታ አታውቅም። መሳቢያ የከፈተው ሕፃን ቢሆን፣ ጠጥቶ የገባው አባወራ ቢሆን፣ ሕይወት ያስመረረው ሰው ቢሆን እኩል ትታዘዛለች። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ በጦር መሣሪያ ከሞቱት ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች፣ ከ27 ሺህ የሚበልጡት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሌቦችን ሲያስብ መሣሪያ የገዛ ሰው ይህን ቁጥር ሲሰማ የእሱ ቤት የሚገባበት አይመስለውም። እነዚያ ሁሉ ቤቶችም እንደዚያው ሳይመስላቸው አልቀረም።

ሌሊት ሱቅ የሚጠብቀው ሰው በዚህ ቢቆጣኝ አልፈርድበትም። «አንተ ሶፋህ ላይ ተቀምጠህ ትፈላሰፋለህ፣ እኔ በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የተቆለፈች ሽጉጥ ለእኔ ድንጋይ ናት» ቢለኝ እውነት አለው። ዋሽንግተን ከተማ ሽጉጥን ለሠላሳ ዓመት ያህል ከልክላ፣ ሌላውም መሣሪያ ቤት ውስጥ ወይ ተፈትቶ ወይ ምላጩ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ስታስገድድ ኖራለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 ለ4 ድምፅ ሁለቱንም የሻረው ከዚሁ ሰውዬ ክርክር በማይርቅ ምክንያት ነው። ሆኖም እዚያው ፍርድ ላይ፣ አደጋ ለመከላከል ስለ መሣሪያ አቀማመጥ የሚወጡ ሕጎችን ይህ ውሳኔ አያፈርስም የሚል ቃል አለ። ይህን ግን ሲጠቅሱት እምብዛም አልሰማሁም።

እኔ እንደሚመስለኝ መወልወል ግዴታ ነው፤ ሆኖም ሽጉጧን ብቻ ወልውሎ ሥራዬን ጨረስኩ ማለት አይቻልም። ባለቤቱም ይመረመራል። እንቅልፍ አጥቷል ወይ? ከሚስቱ ጋር እንዴት ነው? መጠጥ አብዝቷል? ይህን ምርመራ ሰው ለራሱ አያደርገውም፤ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። በአገራችን ጠብ ሲነሣ «መሣሪያውን ቀሙት!» ብሎ የሚጮህ ጎረቤት አይታጣም። ባሕር ማዶ ግን ያ ጎረቤት የለም፣ ቢኖርም «በሰው ጉዳይ» ብሎ በሩን ይዘጋል። ወዳጃችን ትዳሩ ሲፈርስ፣ እናቱ አገር ቤት ሲሞቱበት፣ ከሥራ ሲባረር ወጥና እንጀራ ይዘን እንሄዳለን፤ አጠገቡ እንቀመጣለን፣ እናጽናናለን። ቀበቶው ስር ስላለችው ነገር የሚጠይቅ አይገኝም። ነውር ይመስለናል፣ ሰውዬውን የጠረጠርነው ይመስለናል።

የሚያሳዝነው ያቺ ክፉ ሰዓት ብዙ ጊዜ አጭር መሆኗ ነው። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ ሰዎች አብዛኞቹ በኋላ በዚያ መንገድ አይሞቱም። ሽጉጥ ግን ለመጸጸቻ የሚሆን ጊዜ እምብዛም አትሰጥም፤ በተለይ ጥሩ ሆና የተወለወለች። እዚያው አሜሪካ ለጊዜው ተረክበው የሚያስቀምጡ የመሣሪያ መደብሮች አሉ፤ ጭንቅ ለበረታበት ሰው በ988 ሌት ተቀን የሚመልስ ስልክ አለ። ለወዳጅ አደራ መስጠትን በተመለከተ የየግዛቱ ሕግ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። የቀረው ለቅሶ ቤቱ ውስጥ፣ ሰው ጋብ ሲል፣ ጎኑ ቁጭ ብሎ «ወንድሜ፣ ያቺ ነገር ለጥቂት ጊዜ ከቤት ትውጣ፤ ረጋ ስትል ትመለሳለች» የሚለው ሰው ነው።