የነሐሴ ዋጋ

የእህቴ ልጅ በንግድ ሥራ አመራር ተመርቆ ሮቢት ሲመለስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደጅ አልጠናም። ከእናቱ ጥቂት፣ ከእኔ ደግሞ ጠቀም ያለ ገንዘብ ተበደረና በታኅሣሥ ማሽላ ገዛ። ታኅሣሥ በራያ ቆላ ማሽላው ከአውድማ የሚገባበት፣ ገበሬውም ዕዳውን የሚከፍልበት ወር ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ እህል ይረክሳል። በነሐሴ ጎታው ሁሉ ሲራቆት ያንኑ ማሽላ ለዚያው ለሸጠለት ሰው መልሶ ሸጠለት። ዋጋው ዕጥፍ ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር።

በዚያ ነሐሴ እኔም ሮቢት ነበርኩ። በታኅሣሥ ሁለት ኩንታል የሸጡለት ባልቴት ጎረቤታችን አንድ ቁና ሊገዙ መጡ። ገንዘቡን ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ። ሲወጡም፣ «ተባረክ ልጄ፤ አንተ ባትኖርልን ከየት እናገኝ ነበር?» ብለው መረቁት። ልጁ ዞር ብሎ ፊቴን አየና፣ «ጋሼ፣ እሳቸው መረቁኝ፤ አንተ ምነው ጠቆርክ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው። ሚዛኑ አይዋሽም፤ ግብሩን ከፍሏል፤ ማንንም አስገድዶ አልገዛም። ገንዘቡም ቢሆን የእኔ ነው። ግን ይህን ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ያስተማርነው ለዚህ ነበር? ያንን ጥያቄ ይዤ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ የምላቸውን ሰዎች መጠየቅ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ማኔጅመንት ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ታሪኩን ሰምተው ሳቁ። «ልጁ ጎበዝ ተማሪ ነበር ማለት ነው» አሉኝ። ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ያወጣውን ጽሑፍ ጠቀሱልኝ፤ ነጋዴ በሕግና በሐቀኛ ውድድር ውስጥ እስካለ ድረስ ለኅብረተሰቡ ያለበት ኃላፊነት ማትረፍ ነው የሚለውን። ረኃብ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የሥነ ምግባር ነገር ከሆነም ኮርሱ አለ አሉኝ።

ኮርሱ በየአገሩ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የገንዘብ ቀውስ ከተመታች በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች እንደ ሐኪም መሐላ አዘጋጅተው ማሉ። እኔ ግን መሐላ ብዙም አያጽናናኝም፤ በእኛ አገር ጉቦ የሚበላውም ይምላል።

ከመምህሩ ጋር ብዙ ያነጋገረን አንዲት ቃል ናት፤ «ፍላጎት»። የንግድ ተማሪ በመጀመሪያው ወር የሚማረው ዋጋ በአቅርቦትና በፍላጎት እንደሚወሰን ነው። በአማርኛችን ፍላጎት መሻት ነው፤ የራበው ሰው እህል ይፈልጋል። በመጽሐፋቸው ግን ፍላጎት ማለት የመክፈል ዐቅም ያለው መሻት ብቻ ነው። ስለዚህ ኪሱ ባዶ የሆነ ርኁብ በገበያው ላይ ምንም ፍላጎት የለውም። መምህሩ ይህ የቃል ጉዳይ ነው አሉኝ። ለእኔ ግን የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በአራተኛው ዓመት በሥነ ምግባር ኮርስ ሊመልሱት የሚሞክሩት ሰው በአንደኛው ዓመት በዚች ቃል ከክፍሉ ወጥቷል።

ወሎ ደግሞ ይህን በሥጋዋ ታውቀዋለች። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ስለ ድህነትና ረኃብ በጻፈው መጽሐፍ የ1965ቱን የወሎ ረኃብ መርምሯል። በወሎ ምርት አልጠፋም አላለም፤ ጠፍቷል። ያስገረመው ግን የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ በረኃቡ ልክ አለመናሩ ነው። የራበው ሰው በሬውንም ላሙንም በርካሽ አውጥቶ ሸጦ ጨርሶ ስለነበር እህሉን ወደ ራሱ የሚስብበት ገንዘብ አልነበረውም። እንዲያውም ጥቂት እህል ከወሎ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ሄዷል። ከአዲስ አበባ አሥመራ የሚወስደው ዋና መንገድ ሮቢትን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ረኃብተኛው የተኮለኮለው በዚሁ መንገድ ዳር ነበር። እህሉን የጫነው ነጋዴ መዝገብም እንደ እህቴ ልጅ መዝገብ ንጹሕ ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ይዤ ወደ ሁለተኛው ባለሙያ ሄድኩ፤ በእህል ገበያ ጥናት ዕድሜያቸውን የፈጁ የኢኮኖሚ ሰው ናቸው። «ታሪኩን ግማሽ ላይ አቆምከው» አሉኝ። ደርግ ነጋዴውን አሻጥረኛ ብሎ ገፋው፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን በኮታ ሰበሰበ፤ እንደ ጎጃምና አርሲ ካሉ ትርፍ አምራች ክፍለ አገሮች ወደ ሌላው እህል መነገድ ለግል ነጋዴ ተከለከለ፤ በየኬላው እህል ተወረሰ። በ1977 ከአላማጣ በላይ ያለችው ኮረም የዓለም መነጋገሪያ ስትሆን፣ የጎጃምን እህል ወደ ወሎ የሚያመጣ ነጋዴ መንገዱ ታስሮበት ነበር። እህል ንግድ ነፃ የወጣው በ1982 ነው። ነፃነቱም ብቻውን አልበቃም፤ በ1994 የበቆሎ ዋጋ በምርት ብዛት ወድቆ ገበሬው ከሠረ፤ በማግሥቱ ድርቅ መጣና ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ርዳታ ጠበቀ። በ2000 ሚያዝያ ሥራ የጀመረው የምርት ገበያም መነሻው የእህል ጉዳይ ነበር፤ ጸንቶ የቆመው ግን በቡናና በሰሊጥ ነው። «ነጋዴውን ስትረግም ተጠንቀቅ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦንና ወልድያን አዳርሶ መንገዱ ሲዘጋ፣ ነጋዴ አልባ መሆን ምን እንደሆነ አገሬው ቀምሶታል። የባልቴቷ ምርቃት ከዚያ የመጣ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የመረቁት ዋጋውን አይደለም፤ እህሉ መኖሩን ነው።

ሦስተኛው ሰው ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ ባለሙያ ብዬ ለመጥራት ግን አላፍርም። ደሴ ውስጥ እህል ሲነግዱ ያረጁ ሐጂ ናቸው። «እህል ይዞ ክረምቱን መጠበቅ ንግድ ነው። ሰው እስኪቸገር ብሎ መደበቅ ግን ኢሕቲካር ነው፤ ሐራም ነው» አሉኝ። ልዩነቱ በምን ይታወቃል ብላቸው፣ «በልብህ» አሉኝና ትንሽ ቆይተው፣ «ወላሂ፣ የማውቀው ሰው ሲሆን ፊቱን አይቼ እቀንሳለሁ። ለማላውቀው ግን እንደ ልጅህ ነኝ» አሉኝ። ከሦስቱ ሁሉ ያመንኩት ይህን ንግግር ነው። ደግነት የሚደርሰው ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ላለው ሰው ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። ዘዴ ማበጀት ደግሞ የንግድ ትምህርት ሥራ ይመስለኛል።

ለነገሩ ትምህርቱ በአገራችን ሲጀመር የታሰበው ለሌላ ነበር። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ሲከፈት አገሪቱ የምትፈልገው ሒሳብ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነበር። ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ሊጠየቅ የሚገባው የሌላውን ገንዘብ በታማኝነት መመዝገቡን ነው። የእህቴ ልጅ መዝገብ ንጽሕና የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው፤ አልንቀውም። ግን የሚመዘግበው ገንዘብ አሁን የራሱ ነው፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ነው።

አንድ ምሽት ማስታወሻ ደብተሩን ሲያገላብጥ «የመጋዘን ደረሰኝ» የሚል አንድ ገጽ አገኘሁ። ገበሬው እህሉን አስቀምጦ ደረሰኝ ይይዛል፤ በደረሰኙ ይበደራል፤ ዕዳውን በታኅሣሥ ይከፍላል፤ እህሉን በነሐሴ ዋጋ ይሸጣል። ዐዋጁ በአገራችን ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኒጀር ውስጥ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ይህን የመሰለ ነገር ይሠሩበታል። «ለፈተና ነው ያጠናሁት» አለኝ። «ሮቢት ላይ ይሠራል ብሎ የነገረህ የለም?» ብለው፣ «ምሳሌው ስለ ቡና ነበር» አለኝ።

ብድሬን ሲመልስልኝ ከትርፉ ድርሻ ጨምሮ በፖስታ አደረገና፣ «አብሽር ጋሼ፣ ሐላል ነው» ብሎ ሰጠኝ። ጭማሪውን መለስኩለት። በመጪው ታኅሣሥ ለባልቴቷ በሁለት ኩንታላቸው መያዣ አበድራቸው፤ እህሉ አንተ ዘንድ ይቀመጥ፤ በነሐሴ ይሽጡት ወይም ይብሉት አልኩት። ዝም ብሎ ሲያሰላ ቆየ። «ነቀዝ ከበላውስ? የማን ኪሳራ ነው?» አለኝ። «የሁለታችሁም» አልኩት። መዝገቡን ከፈተና እስክሪብቶውን እንደ ያዘ፣ «ይህ በምን ርእስ ነው የሚጻፈው? ምጽዋት ልበለው?» አለኝ።

«ብድር በለው» አልኩት። ወለዱ ስንት እንደሚሆን ገና አልተስማማንም።