ኮድ ሳያውቁ የቤተ ክርስቲያንን ድረ ገጽ ስለ መሥራት

ሰው ያልተማረውን ሥራ በእግዚአብሔር ቤት ስም ሊሠራ ይገባዋልን? ጥያቄው የቆየ ነው፤ ዛሬ ግን በዐዲስ መልክ ተነሥቷል። በላስታ ደጋ፥ ከኩልመስክ እስከ ላሊበላ ባለው አገር፥ የደብርን ንግሥ ለማስታወቅ ካህኑ በዐውደ ምሕረት ቆሞ መናገሩ ይበቃ ነበር። አሁን የደብሩ ተወላጅ በደሴም በአዲስ አበባም በአሜሪካም ተበትኖ ይኖራል፤ የበዓሉን ቀን፥ የደብሩን ታሪክ፥ የጣራውን ማርጀትና የጥገናውን ወጪ ባለበት ሆኖ ማወቅ ይወዳል። ስለዚህ ብዙ አድባራት ድረ ገጽ እንዲኖራቸው ይሻሉ።

ቀድሞ ይህን ለመሥራት ኮድ የሚባለውን፥ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጻፍበትን ቋንቋ መማር ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ከገባ፥ በ2003ም ወርድፕሬስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ከወጣ ወዲህ ግን ነገሩ ቀለለ። አንድ ዲያቆን ወይም አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ከተዘጋጁት ቅጾች አንዱን መርጦ፥ ሥዕሉንና ቃሉን በየቦታው አኑሮ፥ በጥቂት ቀን ለዓለም ሁሉ የሚታይ ቤት ሊያቆም ይችላል። በዚህም ምክንያት ሁለት አሳብ ይሰማል። አንዱ ወገን «ጥበቡን ሳያውቁ በቤተ ክርስቲያን ስም መሥራት ድፍረት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን «መሣሪያው ሁሉን ይሠራልና ምን ያስጨንቃል?» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ጥቂት ጥቂት ይዘዋል፤ ዋናውን ነገር ግን ስተውታል።

ስለ ፊተኞቹ የሚነገረው ይህ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ባሠራ ጊዜ ዝግባውን የቈረጠው፥ ናሱንም ያቀለጠው እርሱ አልነበረም፤ ወደ ጢሮስ ልኮ ዐዋቂዎችን አስመጣ እንጂ። ስለ ቅዱስ ላሊበላም የሚነገረው ትውፊት ንጉሡ የሕንጻውን መልክ በሰማይ እንዳየ፥ በሥራውም መላእክት እንደ ረዱት ነው። እርዳታ መቀበሉ ሥራውን ከእርሱ አልወሰደበትም። ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ የአባ ተስፋ ጽዮን ነው። እኒህ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ ከጓደኞቻቸው ጋራ በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሆነው፥ እ.ኤ.አ. በ1548ና በ1549 የግእዙን ዐዲስ ኪዳን በማተሚያ አሳተሙ። አታሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ መነኮሳቱም ፊደል መልቀምን አያውቁም ነበር። በዚህ ምክንያት የገባውን ስሕተት አንባቢ እንዲታገሥላቸው በመጽሐፉ ውስጥ ለመኑ። ጥበቡን እስክንማር ይቈይ ቢሉ ኖሮ መጽሐፉ በዘመናቸው ባልወጣ ነበር። ስሕተት የለበትም ብለው ቢኰሩ ደግሞ አንባቢውን ባሳቱት ነበር። ያልተማሩትን በሰው እጅ ሠሩ፤ ኀላፊነቱን ግን በራሳቸው ላይ አኖሩ።

የቅኔ ቤትም ይህንኑ ያስረዳል። ተማሪው የጉባኤ ቃናን ሁለት ቤት፥ የዘአምላኪየንም ሦስት ቤት ራሱ አልፈጠረም፤ ልኩንና ዜማውን ከመምህሩ ተቀብሎ ምሥጢሩን በውስጡ ያገባል እንጂ። ልኩ የተዘጋጀ ነውና ቅኔው የአንተ አይደለም የሚለው የለም። ዳሩ ግን ልኩን ሞልቶ ምሥጢር ሳይኖረው የቀረበ እንደ ሆነ መምህሩ ያርመዋል፤ ቤቱ ሞልቷልና ይበቃል አይለውም። የተዘጋጀ ቅጽም እንዲሁ ነው። ቅጹን መዋስ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ለንግድ ቤት የተሰፋውን ልብስ ሳያስተካክሉ ለደብር ማልበስ፥ የባዕድ አገር ሥዕል በራስ ቅዱስ ስም ማኖር፥ ታሪኩንም ካህናቱን ሳይጠይቁ ከሌላ ገልብጦ መለጠፍ ነው።

ለኋለኞቹ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ይከተላል። ዐለት የሚፈለፍል ሰው ከመምታቱ በፊት ይለካል፤ የተቈረጠው ድንጋይ ተመልሶ አይገጠምምና። ድረ ገጽ ግን በአንድ ጣት ይለወጣል፤ ስለዚህ ሠሪው ሳይለካ ይጀምራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በድረ ገጽ የፈሰሰ ግን ለመልቀምም አይመችም። የተሳሳተ የባንክ ቍጥር አንድ ቀን ብቻ ቢቈይ የምእመናን ገንዘብ ወደማይገባው ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የሚባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል ከአገር ወጥቶ በ2001 ተመልሷል። የንዋየ ቅድሳት ፎቶግራፍ በመዝገብ ቢቀመጥ የጠፋውን ለመለየት ይጠቅማል፤ የሚቀመጥበት ስፍራ ጭምር ለዓለም ቢገለጥ ግን ሌባን መምራት ነው። መሣሪያው ፎቶግራፉን ለማውጣት ይረዳል፤ ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለውን ግን አይፈርድም። ፍርዱ የአባቶች ነው።

ድረ ገጽን እንደገና ስለ ማደስም እንዲሁ ማሰብ ይገባል። መለወጥ በራሱ ክፉ አይደለም። ሊቃውንተ ታሪክ እንደሚሉት ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል መጀመሪያ ለሌላ አገልግሎት ተፈልፍለው ኋላ ቤተ ክርስቲያን የሆኑ ናቸው፤ ዐለቱ ሳይጠፋ አገልግሎቱ ተለወጠ። በአንጻሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ውቅሮቹን ከዝናብ ለመጠበቅ ታላላቅ መጠለያዎች ቆሙ። ያሠሩአቸውም የሠሩአቸውም የጥበብ ችግር አልነበረባቸውም፤ ነገር ግን ለጊዜው የተባሉት ሳይነሡ ቆዩ፤ የአገሩም ሕዝብ ክብደታቸው ያሰጋናል ብሎ በ2018 አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። እንግዲህ ጥበብ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ በቤቱ የሚያገለግለውን መስማት ያስፈልጋል።

በድረ ገጽም ለዓይን ደስ እንዲል ብሎ ከባድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚጭን ሰው በውጭ አገር ያለውን ያስደስት ይሆናል፤ በላስታ ደጋ በደካማ መሥመር፥ በትንሽ ስልክ የሚከፍተው ምእመን ግን የራሱን ደብር ገጽ ማየት ይሳነዋል። ለእንግዳ ተከፍቶ ለባለቤቱ የተዘጋ ቤት ታድሷል አይባልም። የሚያድስ ሰው አስቀድሞ የነበረውን ጽሑፍና ሥዕል ሁሉ በሌላ ስፍራ ገልብጦ ያስቀምጥ፤ ከዚያ በኋላ ሰሙን ይለውጥ፥ ወርቁን አይንካ።

ከሁሉ የሚከብደው የቁልፉ ነገር ነው። የድረ ገጽ ስም እንደ ርስት አይደለም፤ በየጊዜው በክፍያ የሚታደስ ነው። ክፍያው ከተቋረጠ ሌላ ሰው ያንኑ ስም ወስዶ የወደደውን ሊጽፍበት ይችላል። ወጣቱ ስሙን በግል አድራሻው አስመዝግቦ፥ የይለፍ ቃሉንም እርሱ ብቻ ይዞ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ፥ ደብሩ በገዛ ቤቱ ደጅ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ የአገሩ ሰው ከዘመዱ ሳይገናኝ ወራት አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ የደብሩ ገጽ በውጭ አገር ይነበባል፤ ካህናቱ ግን አይደርሱበትም። በዚያ ሰዓት በደብሩ ስም የሚናገር፥ ገንዘብም የሚለምን ማን ነው? ይህን አስቀድሞ ያልወሰነ ደብር ስሙን ያለ ጠባቂ ትቶታል። የዕቃ ቤት ቁልፍ በቄሰ ገበዙ እጅ እንደሚጠበቅ፥ የይለፍ ቃሉም በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ታሽጎ ከአንድ በላይ በሆኑ ታማኞች ዘንድ ሊጠበቅ ይገባል።

እንግዲህ ኮድ አለማወቅ ኀጢአት አይደለም፤ ማወቅም ጽድቅ አይደለም። ዕውቀት ይዋሳል፥ መሣሪያም ይዋሳል፤ አደራ ግን ከማንም አይዋስም። የቤተ ክርስቲያንን ድረ ገጽ ሊሠራ የተነሣ ወጣት አይከልከል፤ ነገር ግን ብቻውን አይተው። ካህኑ ታሪኩን ይንገረው፤ ሊቁ ቃሉን ይረምለት፤ ሰበካ ጉባኤው ቁልፉን ይጠብቅ። እርሱም እንደ አባ ተስፋ ጽዮን የማያውቀውን አላውቅም ይበል፤ ስለ ጻፈው ግን ተጠያቂው እኔ ነኝ ለማለት ይዘጋጅ።